የጤፍ ዋጋ ጉለሌ ላይ ሲቆረጥ

የጎጃም መንገድ አባይን ተሻግሮ፣ ጎሃ ጽዮንን፣ ፍቼንና ሱሉልታን አልፎ አዲስ አበባ የሚገባው በጉለሌ ክፍለ ከተማ በኩል ነው። ከደጀን፣ ከብቸናና ከደብረ ማርቆስ ዙሪያ የተጫነ ጤፍ በአዲሱ ገበያ አድርጎ መርካቶ ወዳለው እህል በረንዳ ይወርዳል። ከዚያም በየሰፈሩ ላሉ ወፍጮ ቤቶች ሲከፋፈል ከፊሉ ወደዚያው ወደ ጉለሌ ይመለሳል። አርሶ አደሩ ዋጋ የሚቆርጥለት በወረዳው ከተማ ሚዛን ዘርግቶ የሚጠብቀው ሰብሳቢ ነጋዴ ይመስለዋል። ነጋዴው ግን የሚናገረው ደላላው በስልክ የነገረውን ነው። ደላላው የሚነግረው ወፍጮ ቤቱ የሚፈልገውን ነው። ወፍጮ ቤቱ የሚፈልገው ደግሞ ሸማቿ አይታ የማትመልሰውን ነው። የኩንታሉ ዋጋ መነሻ፣ አንዲት እናት በጉለሌ ወፍጮ ቤት በር ላይ ቆማ ከተከፈተው ጆንያ እፍኝ ጤፍ አንስታ መዳፏ ላይ የምትበትንባት ቅጽበት ናት።

ይህች ሸማች ምን አይታ እንደምትገዛና ምን አይታ እንደምትተው ማወቅ ለወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ከማዳበሪያና ከምርጥ ዘር አቅርቦት ባልተናነሰ ሊያሳስብ ይገባ ነበር። እስካሁን ግን የነጋዴ ጉዳይ ሆኖ ነው የቆየው።

በአዲስ አበባ ጤፍን በዱቄት ሳይሆን በፍሬው የሚገዛው ቤተሰብ ብዙ ነው። ወፍጮ ቤቱ እህሉን ይሸጣል፣ ያበጥራል፣ ይፈጫል። ይህ የቆየ ልማድ ቢሆንም እስከ ዛሬ የዘለቀው በልማድነቱ ብቻ አይደለም። ፍሬ ይታያል፣ ዱቄት ግን ይደብቃል። ጀሶና ሰጋቱራ የተቀላቀለበት እንጀራ፣ ባዕድ ነገር የገባበት ቅቤና በርበሬ ተያዘ የሚል ዜና ባለፉት ዓመታት በተደጋገመ ቁጥር፣ ሸማቿ በዓይኗ ያላየችውን ላለመግዛት ይበልጥ ቆርጣለች። እህሉ ሲፈጭ ከወፍጮው አጠገብ የማትነቃነቅ እናት የምትጠብቀው ዱቄቷን ብቻ ሳይሆን የገዛችው ጤፍ ያው የራሷ መሆኑን ጭምር ነው።

መዳፏ ላይ የበተነችውን ጤፍ በአውራ ጣቷ ገፋ ገፋ ታደርጋለች። መጀመሪያ የምታየው ቀለሙን ነው፤ ማኛ ነው፣ ነጭ ነው፣ ሰርገኛ ነው ወይስ ቀይ? ቀጥላ እፍ ትልበታለች፤ እብቅና አቧራ ካለው ይበናል። አንዳንዷ ጥቂት ፍሬ ጥርሷ መሐል አድርጋ አሸዋ መኖር አለመኖሩን ትፈትናለች። ከዚያ የማይቀረው ጥያቄ ይመጣል፤ የት ጤፍ ነው? የአዳ፣ የምንጃር፣ የበቾ ወይስ የጎጃም? መልሱን የምታምነው ግን በጆንያው ላይ አንዳች የተጻፈ ነገር አይታ አይደለም፤ ሻጩን ስለምታውቀው ነው። ደንበኝነት የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ነው ዋጋው የሚታወቀው። ባለፈው ወር የሸጠላት ጤፍ ውሃ ያነሳ እንደሆነ፣ እንጀራው ዓይን አውጥቶ ሳይደርቅ ያደረ እንደሆነ ተመልሳ ትመጣለች። ካልሆነ መንገዱን ተሻግራ ሌላ ወፍጮ ቤት ትሄዳለች፤ ለምን እንደሄደችም ለማንም አትነግርም።

የኢኮኖሚ ባለሙያዎች የዕቃን ጥራት በሦስት ይከፍሉታል። ከመግዛት በፊት በዓይን የሚለይ አለ፣ ከተገዛ በኋላ በአገልግሎት ላይ የሚታወቅ አለ፣ ተጠቅመውበትም ቢሆን በራስ አቅም የማይታወቅ አለ። የጤፍ ቀለምና ንጽሕና ከመጀመሪያው ወገን ናቸው። በረከቱ፣ ማለትም ከአንድ ኪሎ ስንት እንጀራ እንደሚወጣው፣ ከሁለተኛው ነው፤ የሚታወቀው ምጣድ ላይ ነው። በማሳው ላይ ምን ዓይነት ፀረ አረም እንደተረጨ ወይም በውስጡ ምን ያህል የብረት ንጥረ ነገር እንዳለ ግን ሸማቿ ዕድሜ ልኳን ብትበላውም አታውቀውም። ስለዚህ በምታየው ነገር ላይ ተመሥርታ በማታየው ላይ ትፈርዳለች። ነጣ ያለው ሁሉ ጥሩ ነው፣ ንጹሕ የሆነው ጠንቃቃ ገበሬ ያመረተው ነው፣ የአዳ ከተባለ በረከት አለው ትላለች። ልትሳሳት ትችላለች፤ ገንዘቡ ግን በእጇ ነው።

ይህ ፍርድ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ተመራማሪዎች ቀድመው ያዩት ነገር ነው። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው የጤፍ ዝርያዎች መካከል ዱከም የተባለው በምርታማነቱ የተመሰከረለት ነበር። ይሁን እንጂ ፍሬው ገበያው የሚፈልገውን ያህል ነጭ ስላልነበረ አርሶ አደሩ እንደተጠበቀው አልተቀበለውም። ማኛ የተባለው ዝርያ ደግሞ ንጣቱ የተወደደ ነበር፤ ምርቱ ግን ከዱከም ያንሳል። ተመራማሪዎቹ ሁለቱን አዳቅለው የአንዱን ምርት ከሌላው ንጣት ጋር ያጣመረውን ቁንጮን በ1998 ዓ.ም. አወጡ። ቁንጮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአማራም በኦሮሚያም ክልሎች ከዳር እስከ ዳር የተዘራው በሄክታር ብዙ ኩንታል ስለሰጠ ብቻ አይደለም። ምርታማ ዝርያማ ከእርሱ በፊትም ነበር። ልዩነቱ ወፍጮ ቤት በር ላይ የቆመችው ሸማች ያልተቀበለችውን ዝርያ አርሶ አደሩም እንደማይዘራው የታወቀ መሆኑ ነው።

ታዲያ ምርምሩ የተማረውን የግብርና ኤክስቴንሽኑ አልተማረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ2004 እና በ2005 ዓ.ም. ገደማ ጤፍን በመስመር የመዝራት ዘመቻ ሲካሄድ ሪፖርቱ ሁሉ በሄክታር ስንት ኩንታል ተገኘ የሚል ነበር። ዛሬም በኩታ ገጠም እርሻ ላይ የሚቀርበው ሪፖርት ከዚያ አልራቀም። ስንት ኩንታል ተመረተ ከሚለው በኋላ ስንቱ በማኛ፣ ስንቱ በነጭ፣ ስንቱ በሰርገኛ ዋጋ ተሸጠ የሚል ሠንጠረዥ በየወረዳው ቢፈለግ የሚገኝ አይመስልም። አንድ አርሶ አደር ነጭ ጤፍ ዘርቶ በሰርገኛ ዋጋ ከሸጠ በጨመረው ምርት ያገኘውን በደረጃው አጥቶታል ማለት ነው፤ በሪፖርቱ ላይ ግን ስኬታማ ተብሎ ይመዘገባል።

ነጭ ጤፍ በሰርገኛ ዋጋ የሚሸጥበት መንገድ ብዙ ነው። ዋናው ግን አውድማው ላይ የሚሆነው ነው። ጤፍ እጅግ ደቃቅ እህል በመሆኑ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ፍሬ ከአሸዋ በዓይን ለይቶ መልቀም አይቻልም። በእበት በተለቀለቀ መሬት ላይ በከብት ሲበራይ አፈሩ አብሮ ይነሳል። ያንን አፈር የሰው ሰፌድም የወፍጮ ቤቱ ወንፊትም ሙሉ በሙሉ አያወጣውም። አፍ ውስጥ አሸዋ አሸዋ የሚል እንጀራ የበላች ቤተሰብ ደግሞ የገበሬውን ስም አታውቅምና የምትረግመው አካባቢውን ነው። ሁለተኛው መደባለቅ ነው። አርሶ አደሩ ካለፈው ዓመት የቀረውን ቀይ ከዘንድሮው ነጭ ጋር አንድ ጎተራ ውስጥ ይጨምራል፤ ወይም ሰብሳቢው ነጋዴ ከአሥር ቤት የገዛውን አሥር ዓይነት ጤፍ በአንድ ጆንያ ይሞላል። ጤፍ በነቀዝ የማይደፈር፣ ዓመታትን የሚቆይ እህል ስለሆነ በየዓይነቱ ለይቶ ለማስቀመጥ ከማንኛውም እህል ይልቅ ይመቻል። ይህ ፀጋ እያለ መደባለቁ የሚያስቆጭ ነው።

ክብደት እንዲጨምር ሆን ብሎ አሸዋ መጨመርም አለ። ይህን አለማንሳት አይቻልም። አንዳንዱ አርሶ አደር ነጋዴው በሚዛን ይሰርቀኛልና እኔም በአፈር እመልሳለሁ ሲል ይሰማል። ነጋዴው ግን አይከስርም፤ ከሁሉም ሻጭ ላይ ለአፈሩ የሚሆን ዋጋ ቀድሞ ቀንሶ ነው የሚገዛው። የሚከስረው አፈር ያልጨመረው ጎረቤት ነው።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ያሳየው ይህንኑ ነበር። የእርሱ ምሳሌ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ ነው። ገዢው ደህናውን መኪና ከብልሹው መለየት ካልቻለ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል፤ መካከለኛው ዋጋ ደህና መኪና ላለው ሰው ስለማያዋጣ እርሱ ከገበያ ይወጣል፤ በገበያው ላይ ብልሹው ይበዛል፤ ገዢውም ይህን አይቶ ዋጋውን ይበልጥ ያወርዳል። በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ሆኗል። በየወረዳው ገበያ ንጹሕ ጤፍ ይዞ መጥቶ አፈር ከጨመረው እኩል የተከፈለው አርሶ አደር ግን ይህን ትምህርት ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል። በሚቀጥለው ዓመት በሸራ ላይ ለመውቃት ለምን ይደክማል?

ከአከርሎፍ አዙሪት መውጫው ገዢው የሚለይበትን ምልክት መስጠት ነው፤ ከምልክቶች ሁሉ የቆየው ደግሞ የቦታ ስም ነው። ጉለሌ ራሷ ለዚህ ምስክር ናት። ሽሮ ሜዳ የሚለው ስም ሲጠራ ማንም ሰው የሚያስበው የሐበሻ ልብስ ነው። ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋማ አካባቢዎች የመጡ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው በአንድ ሰፈር ያዳበሩት ሙያ ሰፈሩን መተማመኛ አድርጎታል። ጥበብ ልትገዛ የሄደች ሴት የሸማኔውን ስም አትጠይቅም፤ ጨርቁን ገልብጣ ታያለች፣ ሽሮ ሜዳ መሆኑን ታምናለች፣ ትከፍላለች። ቅቤም እንዲሁ ነው። ሸኖ የሚለው ስም ከየትም የመጣ ቅቤ የሚሸጥበት እስኪሆን ድረስ ገንኗል፤ ስሙ ባይሸጥ ኖሮ ማን ይሰርቀው ነበር?

በዓለም ገበያም ቢሆን ነገሩ ከዚህ አይለይም። ኢትዮጵያ ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን የቡና ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ተነስታ ከአሜሪካው ስታርባክስ ኩባንያ ጋር ያደረገችው ክርክር በ1999 ዓ.ም. በስምምነት ያለቀው፣ ስሙ ራሱ ገንዘብ መሆኑን ሁለቱም ወገኖች ስለሚያውቁ ነው። የሰሊጥ አምራቾች ጉዳዩን ከዚህ ቀረብ ብለው ያውቁታል። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የሁመራና የጎንደርን ሰሊጥ ከወለጋው ለይቶ በየስሙና በየደረጃው ያገበያያል። ጤፍ ግን እስካሁን ዋጋው በዓይን፣ በመዳፍና በደላላ ቃል የሚነገር እህል ነው።

በዚህ አሠራር የተጎዳው የጎጃም ጤፍ ነው። አዳና ምንጃር እያንዳንዳቸው ስም አላቸው። ከእነማይ፣ ከደጀን፣ ከሸበል በረንታና ከሌሎቹ የምሥራቅ ጎጃም ወረዳዎች የሚወጣው ጤፍ ግን ጥቁር አፈር ላይ የበቀለው ማኛም ሆነ ከተዳፋት የመጣው ሰርገኛ ጉለሌ ሲደርስ ስሙ አንድ ነው፤ የጎጃም። ሸማቿ አንድ ጊዜ ደስ ያላት፣ ሌላ ጊዜ ያዘነችበት ስም በመሆኑ አትተማመንበትም። ያልተማመነችበትን ደግሞ ቀንሳ ትገዛለች። የሻጩም ብልሃት አለ፤ ከጎጃም የመጣው ማኛ እጅግ ሲያምር በሌላ አካባቢ ስም ይሸጠዋል። ምርጡ ስሙን ተነጥቆ ዝቅተኛው ብቻ በጎጃም ስም ሲሸጥ ስሙ እየወረደ እንጂ እየወጣ ሊሄድ አይችልም።

ሸማች ሲባል ሁሉም እንደዚያች በመዳፏ እንደምትመርጠው እናት አለመሆኑም ሊጤን ይገባል። በጉለሌ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቶ የሚኖረው ወጣት ጤፍ ገዝቶ አያስፈጭም፤ እንጀራ ከሱቅ በፍሬ ነው የሚገዛው። የእርሱ መስፈርት ዋጋው፣ ስፋቱና ንጣቱ ነው። ስለ ጤፉ የሚወስነው እርሱ ሳይሆን እንጀራ ጋግራ የምታከፋፍለው ሴት ናት፤ የእርሷ ሒሳብ ደግሞ አንድ ኪሎ ስንት እንጀራ ያወጣል የሚል ነው። የፎገራ ሩዝ ወደ ምጣድ የገባው በዚህ በር ነው። ሩዝ ሲቀላቀልበት እንጀራው ይነጣል፣ ወጪውም ይቀንሳል። ማቀላቀሉ በራሱ ነውር የለውም፤ የፎገራ አርሶ አደሮችም በቤታቸው ሲጋግሩት ቆይተዋል። ነውሩ ደብቆ የጤፍ ነው ማለቱ ነው። ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደንግጓል። ይህ መብት ቢከበር የጤፍ አምራቹም የሩዝ አምራቹም በየስማቸው ይጠቀሙ ነበር።

ምርጫ ደግሞ ይለወጣል። ቀይ ጤፍ የድሃ እህል ተብሎ የተናቀበት ዘመን ሩቅ አይደለም። አሁን አሁን ግን የስኳር ሕመምና የደም ማነስ ወሬ በየቤቱ ስለገባ ቀይ ጤፍ አለ ወይ ብላ የምትጠይቅ ሸማች እየበዛች ነው። የምትፈልገው ብረቱን ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ፤ በጤፍ ላይ ከሚለካው ብረት ከፊሉ የእህሉ ሳይሆን አውድማ ላይ የተቀላቀለው አፈር መሆኑን የሥነ ምግብ ጥናቶች አመልክተዋል። በንጽሕና የተወቃው ቀይ ጤፍ ቢፈተሽ ስንት ብረት እንደሚገኝበት ለገዢው በእውነት መንገር ይሻላል፤ ስም በወሬ ከተገነባ በወሬ ይፈርሳል። ያም ሆነ ይህ፣ ነጭ ጤፍ በየቦታው ቀዩን ሲተካ ቀዩን ዘር ጨርሶ የተወ ቀበሌ ፈላጊው ሲመጣ ባዶ እጁን ይቀራል።

ለዶሮና ለእንቁላል አርቢው ደግሞ ከቀለምም ከስምም በላይ የሚወስነው አቆጣጠሩ ነው። በዓመት ከ180 የማያንሱ የጾም ቀናት ባሉበት አገር ለሁዳዴ መግቢያ የደረሰ ዶሮ ለፋሲካ የደረሰውን ያህል አያወጣም። የሐበሻ እንቁላል ከፈረንጁ በዋጋ ቢበልጥም ጾም ሲገባ ገዢው እኩል ይጠፋበታል። በአንጻሩ ሽሮ፣ ምስርና አተር የሚሸጡት ያን ጊዜ ነው። የወረዳ እንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤቶች ጫጩት ሲያከፋፍሉ ከበጀት መዝጊያው ይልቅ የበዓሉን ቀን ቢቆጥሩ ብዙ ኪሳራ ይቀር ነበር።

ወደ ጤፉ ስንመለስ፣ የወረዳ አመራሩ ሊሠራው የሚችለው ነገር ከባድ አይደለም። መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሲረከቡ ማኛውን፣ ነጩን፣ ሰርገኛውንና ቀዩን ለይተው ቢረከቡ፣ ለንጹሑም በግልጽ የተነገረ ጭማሪ ቢከፍሉ፣ በሸራ ላይ የወቃው አርሶ አደር ድካሙ በዓይኑ ፊት ይቆጠርለታል። ጭማሪው ትንሽ ቢሆንም ግድ የለም፤ ዋናው ልዩነቱ መታየቱ ነው። ጆንያው የወረዳውን ስም፣ የጤፉን ደረጃና የማኅበሩን መለያ ይዞ ቢሰፋ ጉለሌ ላይ የሻጩ ቃል ብቻውን አይቀርም። ደረጃው የተጻፈበት ጆንያ ተከፍቶ ሌላ ከተገኘበት ተጠያቂው ይታወቃል፤ ዛሬ ግን ማንም አይታወቅም። በየክፍለ ከተማው ያሉት የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራትና የእሁድ ገበያዎች ለዚህ የተመቹ ናቸው። ዩኒየኖች ለእነርሱ በሚያቀርቡት ጤፍ አንድ ጊዜ ማኛ፣ ሌላ ጊዜ አፈር ያለበት ሰርገኛ ካመጡ ሸማቿ በርካሽነቱ አትመለስም፤ ወደ ደንበኛዋ ወፍጮ ቤት ትሄዳለች።

የዩኒየን የገበያ ባለሙያዎችስ ጉለሌ ሄደው ወፍጮ ቤት በር ላይ ግማሽ ቀን ቆመው ያውቃሉ? የአበል ጥያቄው ቀላል አይደለም ይባላል። ይሁንና ለሥልጠና ከሚወጣው አበል ጥቂቱ ለዚህ ቢውል የገዢዋ ጥያቄ በአካል ይሰማ ነበር። የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም ለአርሶ አደሩ ንጽሕና ጠብቅ ከማለት ይልቅ አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ብለው መለሱት ቢለው በቶሎ ይሰማዋል።

በአብዛኛው የክልሉ ጤፍ አብቃይ ወረዳ አውድማ የሚጣለው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። የሸራ ግዢ የሚፈጸመው ደግሞ ብዙ ጊዜ አጨዳው ከተጀመረ በኋላ ነው፤ ሸራው ሲደርስ ጤፉ ተወቅቶ ያልቃል። ማኅበራቱ ለአባሎቻቸው በዱቤ የሚያድሉትን ሸራ በመስከረም ገዝተው ካልጨረሱ፣ በጥር ወር በአዲሱ ገበያ በኩል የሚገባው ጤፍ አምና የገባው ዓይነት ነው የሚሆነው።